ያስተካከልኋቸው ሰባት ኪሶች

በዚህ ነገር ውስጥ እጃችንን ያስገባን አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ስለ ሥራው ነውና ስም የሚጨምርለት ነገር የለም።

አንደኛው እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አናጢ ሆኜ ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የሰው የተሰበረ ወንበር እየፈታሁ፣ እንዴት እንደተገጠመ እያየሁ ነው የተማርሁት። ትምህርት ቤት የተቀመጥሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ልጆቼ ጨርሰው ከጣሏቸው ደብተሮች አነበብሁት።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ጥቂት ትናገራለች፤ የተናገረችው ግን ቤት ውስጥ ብዙ ይቆያል። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረች። አራተኛው ከግቢያችን አንዱን ክፍል የተከራየ፣ ከወሎ የመጣ የመንገድ ቀያሽ ነው። ሙስሊም ነው፤ የረመዳን ጾሙን ሲጾም ባለቤቴ ማፍጠሪያውን ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ደግሞ በእኛ ጾም ሥጋ ገዝቶ ወደ ግቢ አይገባም። አንድ ጥፋቱ ተረበኛ መሆኑ ነው። አምስተኛው ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጡ የዜማ መምህር ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ግን ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው።

ልጄ አንድ ቀን የማስተማር ሥራዋን ለቃ መጣች። ደመወዙ አንሷት እንደሆነ ስጠይቃት አይደለም፣ ድምፅ መቅዳት ስለምወድ ነው አለች። እኔም መውደድ የሚባል የሥራ መደብ አላውቅም አልኋት። ያጠራቀመችውን ሁሉ ለኮምፒውተርና ለማይክሮፎን አዋለችው። ለኪራይ ያሰብሁትን የጭቃ ክፍልም ለመነችኝ። ለካ እናቷ ቀደም ብላ ቁልፉን ሰጥታት ኖሯል፤ ልመናው ለእኔ ክብር ብቻ ነበር።

ክፍሉን በብርድ ልብስ፣ በእንቁላል ካርቶንና ከአሮጌ ፍራሽ በወጣ ስፖንጅ ከላይ እስከ ታች ለበጠችው። ስድስት ወር ሙሉ የመጣላት ሥራ አንድ የጫማ ሱቅ ማስታወቂያ፣ ሁለት የምርቃት ግጥምና አንድ የሠርግ ዘፋኝ ነበር። ዘፋኙ የተቀዳውን ሰምቶ ጉንፋን የያዘኝ ያስመስለኛል ብሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

አባት ዝም ብሎ አያይም። ወንበሮቹን የምጠግንለትን አንድ ርእሰ መምህር ለምኜ ቦታዋን እንዲይዝላት አደረግሁ። እሱም ከመስከረም ማርያም በዓል ቀጥሎ እስካለው ሰኞ እጠብቃለሁ አለኝ። ልጄን አስቀምጬ ነገርኋት፤ እስከዚያ ሰኞ ድረስ ራስሽ ጥሩ ነው የምትዪውን፣ ያሠራሽ ሰውም ወድዶ የሚከፍልበትን አንድ ሥራ ካሳየሽኝ ስቱዲዮሽ ይቀጥል፤ ካልሆነ ወደ ጠመኔሽ ትመለሻለሽ። እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። እንደ ሻጭና ገዥ ተጨባበጥን። እናቷ በር ላይ ቆማ አየችን።

የኔታ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ወደ ከተማ ያመጣቸው ጥርሳቸው ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው ተነቃንቀው ኖሮ ሐኪሙ ያንኑ ሰኞ ነቅሎ በሌላ ሊተካላቸው ቀጥሯቸዋል። ደብረ ኤልያስና ደጀን፣ በየአጥቢያውም የሚያገለግሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። ዜማ በጥርስም ይሠራል፤ ጥርስ ሲቀየር የቃሉ አወጣጥ ይቀየራል። ስለዚህ ሰው በሰው ተላልከው ገንዘብ አዋጡና የኔታ ጥርሳቸው ሳይነቀል ዜማቸውን እንዲያስቀዱ ለመኗቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ ያንን የጫማ ሱቅ ማስታወቂያ የሰማ ነበር። የሥራ በር በጫማ ሲከፈት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ፣ የመስቀል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሙከራ መጡ። ልጄ ወንበር አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጀመሩ። ሁለት ሐረግ እንኳ ሳይሄዱ አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አቆሙ። ከዚያ ብርድ ልብሱን በመቋሚያው ጫፍ ነካ አደረጉትና፣

"ልጄ፣ ይህ ቤት ድምፄን ይውጠዋል። ደጀን ላይ ቆሜ ዓባይ በረሃ ውስጥ ድንጋይ የወረወርሁ ይመስለኛል። ሲያርፍ አልሰማውም" አሏት።

ልጄ ብርድ ልብሱን ከአንዱ ግድግዳ አወረደችው። አሁን ደግሞ ድምፁ ከባዶው ግድግዳ እየተላተመ በጥፊ መልክ ተመለሰ፤ በር ላይ የቆምሁት እኔ እንኳ ዓይኔን ጨፈንሁ። የኔታ ሳቁ። የራሳቸው ጎጆ ግድግዳ መጻሕፍት፣ አኩፋዳ፣ ከበሮ፣ የተማሪ ዘንቢል ተሰቅሎበት ወጣ ገባ የበዛበት እንደሆነና ድምፃቸው እዚያ ውስጥ ሲሄድም ሲመለስም እንደሚያውቁት ነገሯት። እዚህ ግን ወይ ይሞታል ወይ ይማታል አሉ። አርብ ጠዋት ተመልሰው እንደሚመጡ፣ ካልሆነላት ግን እንደማይቀየሟት ተናግረው ሄዱ።

ልጄ ያን ዕለት እራት ላይ መድኃኒቱን አስረዳችን። የሚያስፈልጋት ድምፁን የሚበትን ነገር ነው። እሷ ዲፊውዘር አለችው፤ እኔ ድምፅ በታኝ አልሁት። አንድ እፍኝ ሽንብራ ልስን ግድግዳ ላይ ብትወረውሩት ተመልሶ ፊታችሁን ይመታል አለች። ብርድ ልብስ ላይ ብትወረውሩት እዚያው ወድቆ ይቀራል። በልክ የተሠራ ወጣ ገባ ላይ ብትወረውሩት ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እያለ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። እናቷ አዳመጠችና ያንን ሁሉ ሽንብራ ማን ሊለቅመው ነው ብላ ጠየቀች።

ስለ ዕቃው ተከራከርን። ልጄ ቴሌቪዥን የሚታሸግበት ነጭ ፎም ቀላል ነው፣ በቢላዋ ይቆረጣል አለች። እኔ በቤቴ ግድግዳ ላይ ማሸጊያ አልሰቅልም አልሁ። ከእንጅባራ የሚመጣ ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ ቢደረደርስ አለች። ነቀዝ ይበላዋል አልሁ። እንጨት ይሁን፤ እኔው እሠራዋለሁ አልሁ። ይህን ስል ልጄ ትክ ብላ አየችኝ። የስቱዲዮዋን ቀጠሮ የቆረጥሁባት ሰው ለስቱዲዮዋ እንጨት ልልግ ነው። እኔ ግን ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ ሥራም ሥራ ነው። ልጄን ላሸንፋት እችላለሁ፤ በእኔ እንጨት ምክንያት ግን ልትሸነፍ አይገባም።

ረቡዕ ማለዳ የተሻለ ማይክሮፎን ልትከራይ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈረች። ከመሄዷ በፊት ሥዕሉን በአንድ ወረቀት ላይ ጣለችልኝ። ሁለት በታኞች፤ እያንዳንዳቸው የበር ግማሽ ቁመት ያላቸው፤ በየአንዳንዱ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሰባት ኪሶች፤ በኪስና በኪስ መካከል ቀጭን ጣውላ። የኪሶቹ ጥልቀት በቁጥር ተጽፏል፤ ዜሮ፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ አንድ። አንድ ማለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ አራት ማለት አሥራ ሁለት። ዜሮው ኪስ የለውም፤ ከፊቱ እኩል ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ወረቀቱን ሥራ ቦታዬ ላይ ዘርግቼ አየሁት። አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት። አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደግሟል። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ቸኩላ የጻፈችው ነው አልሁ። ለሠላሳ ዓመት ተለማማጆቼን ሁሉ የነገርሁት ነገር ነው፤ ያልተስተካከለ ሥራ የሰነፍ ፊርማ ነው እላቸዋለሁ። ልጄ በሰው ፊት በሰነፍ ፊርማ እንድትታይ አልፈለግሁም። ስለዚህ ቁጥሮቿን አንድ ሳልቀንስ፣ አንድ ሳልጨምር ቦታ ቦታቸውን አስያዝኋቸው፤ ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ አራት። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው የፊዚክስ አስተማሪን ቁጥር አረምሁ። ስልክም ነበረኝ። ደውዬ አልጠየቅሁም።

መስከረም ገና ዝናቡ ስላልወጣለት እንጨት ተራ ያለው ጣውላ ሁሉ እርጥብ ነበር። አንድ ነጋዴ መጋዘኑ ጥግ ላይ የተረፈች ደረቅ የጥድ ጣውላ ነበረችው፤ ጠራርጌ ገዛኋት። ለጀርባው ቺፑድ ቆረጥሁ። ጣውላውን በመላጊያ አሳሳሁ፤ ማዕዘኑን በስኳድራ አየሁ፤ ኮላ ቀባሁ፤ በምስማር መታሁ። ሁልጊዜም ስሠራ ለዘለዓለም ነው የማጣብቀው። ማታ ሳይደርስ ሁለቱም አለቁ፤ እንደ ደረጃ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየጠለቁ የሚሄዱ፣ ዓይን የማይጎረብጡ ሆኑ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። የዶሮ ቆጥ ይመስላል አለችና አቧራ እንዳይገባበት ብላ ስስ ጨርቅ ሰፍታ ፊታቸውን ሸፈነችው። ያ ጨርቅ ባይኖር ነገሩ ቀደም ብሎ ይታይ ነበር።

የሐሙስ ሥራ በታኞቹን ግድግዳው ላይ ማንጠልጠል ነበር። የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይሸከምም። የመጀመሪያውን ስመታ ጭድና ጭቃው እንደ ዳቦ ተገምሶ ወረደ። በጣቴ አጥንት እያንኳኳሁ ከልስኑ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ ግን ልጄ ከፈለገችው ቦታ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነው ያለው። ተከራያችን ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ትንሽ አየኝና፣ ጋሼ፣ ድልድይ እንዴት እንደሚታሰር ላሳይዎት አለኝ። ግድግዳውን ከወዲህ ወደ ወዲያ ሰርስረን ረጅም ብሎን እንድናሳልፍ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ አግዳሚ ጣውላ አድርገን በሮንዴላና በዳዶ እንድንወጥረው ነገረኝ። ጭቃው በሁለት ጣውላ መካከል ሲጨመቅ ይሸከማል። ነገሩ ልክ ነው። ወዲያኛው በኩል ግን የእሱ መኝታ ቤት ነው። እኔ እያመነታሁ ሳለሁ ፍራሹን ራሱ ጎትቶ አነሳ።

ስምንት ብሎን አሳለፍን። ውኃ ልክ ብናስቀምጥ አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። የብሎኖቹ ጫፍ ከአልጋው በላይ ሰልፍ ይዞ ወጣ። ወዲያው ኮቱንና ሁለት ሱሪ ሰቀለባቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መስቀያ ሥሩልኝ ስልዎት ነበር፤ ይኸው ለልጅዎ ሲሉ ሠሩልኝ አለኝ። ሳልፈልግ አሳቀኝ።

አርብ ጠዋት ከባሕር ዳር የተመለሰችው ልጄና የኔታ ግቢው በር ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። ልጄ በጨርቅ የተሸፈኑትን ሁለቱን በታኞች ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንዲህ ያምራሉ ብዬ አልጠበቅሁም አለች። እኔም ኮራሁ። እዚህ ላይ ይጻፍልኝ፤ በደንብ ኮርቻለሁ።

የኔታ ቆሙ፤ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ አላቆሙም። ግን እየዘየሙ ቀስ በቀስ ወደ ግራ መዞር ጀመሩ። አንገታቸው ዞረ፤ ትከሻቸው ዞረ፤ መጨረሻ ላይ ማይክሮፎኑን ትተው ወደ መስኮቱ ጥግ ሊዘይሙ ሆነ። አቆሙና መቋሚያቸውን ወደ ጥጉ ቀሰሩ።

"እዚያ ነው የሚሄደው። ከቆርቆሮ ጣሪያ እንደሚወርድ ውኃ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይፈሳል። እዚያ ጥግ ሰው አለ እንዴ?" አሉ።

ልጄ ሄዳ ጨርቁን ገለጠች። ጣቷን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው እያሻገረች ቆጠረች። ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት። አራት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ። ሁለተኛውንም ገልጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ፣ ማን ነው ያስተካከለው?"

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ወጣ ገባው ራሱ ሥራው እንደነበረ፣ ቁጥሮቹ በዚያ ተራ የተቀመጡት ድምፁ ወደየትም ጎን እንዳያደላ ተሰልቶ እንደሆነ በቀስታ ነገረችኝ። እኔ የሠራሁት ደረጃ ግን ድምፁን እንደ ተዳፋት መሬት ወደ አንድ ጥግ ያንደረድረዋል። በትምህርት ቤት ተማሪዎቿን ስታስረዳ እንዲህ ትሆን እንደሆነ አሰብሁ። ስድስት ዓመት ስታስተምር አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየኋትም ነበር።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ውኃ ይዛ ገብታ ቆማ ነበር። የውኃውን ማሰሮ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እውነቱን ንገረኝ። ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስልህ ነው ያበላሸኸው?"

  በር ላይ የነበረው ተከራያችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሰው ሲከሰስ ቶሎ የሚመጣለት መልስ የሚጠቅመው መልስ ነው። እኔ ግን ለልጆቼ ሐሰት የሌባ ታናሽ ወንድም ነው እያልሁ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ያለውን ተናገርሁ።

"ሆን ብዬ አይደለም። ያበላሸሁት ከእሷ ይልቅ ዓይኔን ስላመንሁ ነው። ግን የኔታ ወደ ጥጉ ሲዞሩ፣ እንግዲህ ሰኞ ትመለሳለች የሚል ደስታ በልቤ አልፏል። አልፏል፤ አልክድም።"

 የኔታ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ያለፈ ነገር እንግዳ ነው፤ ካላሳደሩት ይሄዳል አሉ። ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳለን ጠየቁን። ቅዳሜ ማርያም ነች። አርብ ፀሐይ ከገባች በዓል ነው፤ እኔ በበዓል መጋዝ አልይዝም፤ ጎረቤቶቼም ይህን ያውቃሉ። መዘየም ግን ምስጋና ነውና ቅዳሜና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መቅዳት እንደሚቻል የኔታ ፈቀዱ። ሰኞ ጥርሱ ይነቀላል፤ ሰኞ ርእሰ መምህሩም ይጠብቃል። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ነበረን።

በታኞቹን አውርደን ስፈታቸው ለዘለዓለም ያጣበቅሁት ጣውላ አልለቅ አለ። መሮ ሳስገባበት ቀጫጭኖቹ እየተሰነጠቁ እጄ ላይ ቀሩ። የተረፉት ጀርባቸውና ክፈፋቸው ብቻ ናቸው። ደረቅ ጣውላ ደግሞ በከተማው የለም፤ የመጨረሻዋን እኔው ገዝቻት ነበር። እርጥቡን ብሠራበት እስከ እሑድ ድረስ ይጣመማል። መላጊያዬን ይዤ ግቢው መሐል ተቀመጥሁ።

"ቡፌውን ፍታው" አለች ባለቤቴ።

ቡፌው ምን እንደሆነ ልናገር። በተጋባን ዓመት የሠራሁት፣ ሁለት በርና አራት መደርደሪያ ያለው የዋንዛ ቡፌ ነው። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነው። ሰው ቤታችን ሲመጣ ፊቱን ወደ ቡፌው አድርጎ እንዲቀመጥ ወንበሩን እኔ ነኝ የማዞረው። ዋንዛ አንዴ ከደረቀ አይጣመምም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የደረቀ ዋንዛ ደግሞ ብርቅ ነው። ቡፌው አይፈታም አልሁ። በእጄ የሠራሁልሽ ስጦታ ነው አልሁ።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሩን በጉልበቴ ነው የምከፍተው" አለች።

በሩ አይጣበቅም አልሁ። በክረምት ይጣበቃል አለች። በበጋስ ብላት፣ በበጋ በክርኔ ነው አለች። ተከራያችን እዚህ ላይ መታገሥ አቃተው፤ እትዬ፣ በየጠዋቱ የምሰማው እሱ ነው እንዴ፣ እኔ እንጨት የሚፈልጡ መስሎኝ ጋሼ እንዴት አያግዙዎትም ብዬ ስታዘባቸው ኖርሁ አላት። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያው ነው።

ተነሥቼ ቡፌው ፊት ቆምሁ። ብርጭቆዎቹና ሳህኖቹ ገና ውስጡ ነበሩ። በሩን ጎተትሁት። አልተከፈተም። እንደገና ጎተትሁት። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ በጉልበቷ ገፋ ስታደርገው ተከፈተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ አስቀምጬ ሳስደንቅበት የኖርሁት ቡፌ ነው፤ እኔ ራሴ ግን አንድ ቀን ብርጭቆ አውጥቼበት አላውቅም። ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ተሞልቶ ነው። የሠራኸውን ነገር የሚጠቀምበትን ሰው ሳትጠይቅ አትመካበት፤ ይህን ለልጆቼ ሁሉ እናገራለሁ፤ ያን ቀን ግን ለራሴ ነገርሁት።

ፈታነው። ልጄ ወረቀቱን ዘርግታ እያንዳንዱን ልክ ጮክ ብላ ጠራችልኝ፤ እኔ ቆረጥሁ። አራት ስትል አራት፣ ሁለት ስትል ሁለት። አንድ ጊዜ እጄ ሁለቱን ሁለቶች አራርቆ ሊያስቀምጥ ሲሞክር መዳፌን መታ አደረገችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እኔን መትታ አታውቅም፤ ሁለቶቹን ጎን ለጎን መለስኋቸው። ኮላም አልቀባሁም። ሁሉን በቪት አሠርሁት። እሳሳታለሁ ብሎ የሚያምን አናጢ በቪት ይሠራል፤ ነገ ሊፈታው ይችላልና። የኔታ ጾማቸውን እንደያዙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዩን ዋሉ። አንዴ ብቻ ተናገሩ። ዜማም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካላለ ጩኸት እንጂ ዜማ አይሆንም፤ አንተ ግን ይህን ለማወቅ ቡፌ አስፈለገህ አሉኝ። ከእርጅናቸው ጋር እንደዚያ ያሉ ተራቢ ይሆናሉ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻውን ዳዶ አጠበቅን። ፀሐይዋ ገና አልገባችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኔታ ቆሙ። እኔ በር ላይ፣ ባለቤቴ ከአጠገቤ፤ ተከራያችን ክፍሉ ገብቶ ኳሱን ያለ ድምፅ እንዲያይ ቃል አስገብተነዋል። ጀመሩ። መጀመሪያ ዝቅ ብለው፣ እየቆዩ ከፍ እያሉ። ወደ ግራ አልዞሩም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የዜማ ሊቅ አይደለሁም፤ ግን ድምፁ በክፍሉ ውስጥ እንደተዘራ እህል በእኩል ሲወርድ ሰማሁት። አንድ ሰዓት ባለፈ ጊዜ ልጄ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቆመቻቸው፤ ማሽኑ ዕረፍት ፈልጎ እንጂ እሳቸውስ አልደከሙም። ውኃ ጠጡና ዘወር ብለው ግድግዳውን አዩ።

"ከኋላዬ ማን ነው የሚቀበለኝ?" አሉ።

ማንም የለም፣ የኔታ፤ የእናቴ ቡፌ ነው አለቻቸው ልጄ።

እሑድም ቀዱ። ማታ ላይ ልጄ ራሷ ጥሩ ነው ብላ ከተቀዳው ጥቂቱን ለተማሪዎቻቸው በስልክ ላከችላቸው። አንዱ ደውሎ ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ፤ ያስተማሩኝ ጊዜ ያለው ድምፃቸው ነው አለ። የቀረውን ገንዘብ ያንኑ ማታ ላኩላት፤ የሌላ መምህርም ዜማ እንድትቀዳላቸው ቀጠሮ ያዙ። ሰኞ ጠዋት ለርእሰ መምህሩ የደወልሁት እኔው ነኝ። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጥ፤ ልጄ ሥራ አላት አልሁት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ሁለቱንም ነገር ሰማች። የኔታ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሐኪሙ ዘንድ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ በአዲሱ ጥርሳቸው ሊጠይቁን መጡና የራሳቸውን የድሮ ድምፅ አዳመጡ፤ ይህ ሰውዬ ይዘይማል አሉ።

አሁን የባለቤቴ ብርጭቆዎች በካርቶን ውስጥ ናቸው። አዲስ ቡፌ ልሠራላት ነው። በሩን ከመግጠሜ በፊት ሦስት ጊዜ ራሷ ከፍታ እንድታየው አስቤአለሁ። ተከራያችን ብሎኖቹን ላንሳልህ ብለው እንቢ አለ፤ ኮቴን የት ልሰቅል ነው ይላል። ልጄ ስትቀዳ የኔታ ድምፅ በሱሪዬ በኩል ይሰማኛል እያለ ይሳለቃል።

ወጪውን ማወቅ ለሚፈልግ፣ ልጄ ቁጭ አድርጋ አስልታዋለች፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሯን አልነካሁም። ጣውላውና ቺፑዱ አራት ሺህ ስድስት መቶ፤ ኮላ፣ ምስማርና ቪት ስምንት መቶ ሃምሳ፤ ብሎኑ ከነዳዶው አምስት መቶ አርባ፤ ጨርቁ ሦስት መቶ ስልሳ፤ የባሕር ዳሩ ጉዞና የማይክሮፎኑ ኪራይ ሁለት ሺህ አራት መቶ። በተከራያችን ግድግዳ ላይ ለወጡት ብሎኖች ከአንድ ወር ኪራዩ ሦስት መቶ ቀነስሁለት። በቡፌው ላይ ግን መስማማት አቃተን። እኔ ሃያ አምስት ሺህ ያወጣል አልሁ፤ ባለቤቴ ምንም አያወጣም አለች። የኔታ በአዲሱ ጥርሳቸው ሸመገሉን፤ አንድ ሺህ ይሁን አሉ። የሁላችንም ተደምሮ አሥር ሺህ ሃምሳ ብር ሆነ።